ፀሐይ ላይ የተሰጣ ድንጋይ

በልጅነቴ ቤታችን ውስጥ አንዲት ሬዲዮ ነበረች። ስድስት ድንጋይ ትጎርሳለች። ድንጋይ ስል ያው የባትሪ ድንጋይ ማለቴ ነው፤ በኔ ዕድሜ ላለ አንባቢ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም። ድንጋዩ ሲደክም የሬዲዮዋ ድምፅ መጀመሪያ ይቀጥናል፤ ቀጥሎ ዜና አንባቢው ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል፤ በመጨረሻ ጸጥ። ወቅቱ የሶማሊያ ጦርነት ነበርና አባቴ ያንን ጸጥታ አይችለውም። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አውጥቶ በጥርሱ ነከስ ነከስ ያደርጋቸውና እናቴ ብቅል ካሰጣችበት ሰሌን ጥግ ላይ ይደረድራቸዋል። እኔ ዶሮ እንዳይበትናቸው እጠብቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲሞቁ የዋሉት ድንጋዮች ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ሬዲዮዋ ሆድ ይመለሳሉ። አንዳንዴ የዜናውን አርዕስት ያህል፣ ከቀናቸው ደግሞ እስከ አየር ጠባዩ ድረስ ያደርሱን ነበር።

ታዲያ እኔ ድንጋዩ ፀሐይ ጠጥቶ የሚጠግብ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ትምህርት ቤት ስገባ ነው ነገሩ እንደዚያ አለመሆኑ የገባኝ። ሙቀቱ በድንጋዩ ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ኬሚካል ለጊዜው ያነቃቃታል እንጂ ከፀሐይዋ ወደ ድንጋዩ የሚገባ አንዳችም ኤሌክትሪክ የለም። ቢሆንም አባቴን አልስቅበትም። ቀን የዋለችውን ፀሐይ ለማታ ማሳደር፤ ጥያቄው ትክክል ነበር። የዓለም ሳይንቲስቶችም ከመቶ ዓመት በላይ የለፉበት ይኸው ጥያቄ ነው።

ለብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ቃል ላይ መንጠልጠል ልማዴ ነው፤ አንባቢ ይታገሠኝ። በአማርኛችን «ባትሪ» ስንል ብዙ ጊዜ በእጃችን ይዘን የምናበራውን መብራት ማለታችን ነው። ኃይሉን በሆዱ የያዘውን ግን «ድንጋይ» አልነው። የሚያበራው ስም አገኘ፤ የሚያኖረው ድንጋይ ተባለ። ስለ መስመር መብራትም ስናወራ «መብራት ሄደ፣ መብራት መጣ» ነው የምንለው፤ ልክ እንደ እንግዳ። ከየት እንደመጣ እናማርራለን፣ ለምን እንደሄደ እንራገማለን። የት እንደሚያድር የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

የቤት ሶላርን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎችም ከዚህ የተሻሉ አይደሉም። ሁሉም ወደ ጣሪያው ነው የሚያንጋጥጡት። ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1839 በፈረንሳይ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ብዬ ለይቼ ካልጻፍኩ በስተቀር፣ ሁሉም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ኤድሞን ቤክሬል የተባለ የ19 ዓመት ወጣት በአባቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ ብርሃን ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ አስተዋለ። ከዚያ ብዙ ዓመት ብዙም ጥቅም ላይ ሳይውል ቆየና በሚያዝያ 1954 አሜሪካ ውስጥ በቤል ቤተ ሙከራ ሦስት ሰዎች፣ ቻፒን፣ ፉለርና ፒርሰን፣ ከሲሊከን የተሠራውን የመጀመሪያውን ቁም ነገረኛ የፀሐይ ሴል ለዓለም አሳዩ። ከሚያርፍበት ብርሃን 6 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይር ነበር።

ይኼን ሁሉም ይጽፈዋል። እኔን የገረመኝ ሰዎቹ ነገሩን ለምን እንደጀመሩት ነው። ቻፒን የተሰጠው ሥራ ሌላ ነበር፤ ሙቀትና እርጥበት በበዛባቸው አገሮች ለስልክ መስመር የሚያገለግሉት ድንጋዮች ቶሎ ቶሎ እየተበላሹ ስላስቸገሩ ምትክ እንዲፈልግ ነው የታዘዘው። እንግዲህ የዛሬው ሶላር የተወለደው በደከመ ድንጋይ ምክንያት ነው ማለት ነው። አባቴ ይኼን ሳያውቅ መሞቱ ያሳዝነኛል፤ «አላልኩህም?» ይለኝ ነበር።

ቻፒን የሴሉን ዋጋም አስልቶት ነበር። በ1956 አንድ ተራ አሜሪካዊ ቤቱን በሶላር ላብራ ቢል 1 ሚሊዮን 430 ሺህ ዶላር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሶላር ከቤት ጣሪያ በፊት ሰማይ ወጣ። በመጋቢት 1958 የተመነጠቀችው ቫንጋርድ አንድ የተባለች ትንሽ ሳተላይት ሁለት የሬዲዮ ማሰራጫ ነበራት፤ አንዱ በባትሪ፣ ሌላው በፀሐይ ሴል የሚሠራ። የባትሪው በሰኔ ላይ ዝም አለ። የፀሐዩ እስከ 1964 ሲናገር ቆየ። እንግዲህ ይኼንን ልብ ይበሉልኝ፤ ፀሐይ ተቀባዩ ዓመታት ሲኖር ቀድሞ የሚሞተው አኗሪው ነው። ከሰማይ ወደ ምድር፣ ከምድርም ወደ ሰሜን ሸዋ ወደ አክስቴ ቤት ስንወርድ የሚጠብቀን ይኸው ታሪክ ነው።

አኗሪው ከተቀባዩ በዕድሜ ይበልጣል። ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ተሞልቶ፣ ተጠቅመውበት፣ እንደገና የሚሞላ ባትሪ የሠራው በ1859 ነው፤ ከቤል ሶላር 95 ዓመት ቀድሞ። አሠራሩ ለማስረዳት አይከብድም። የእርሳስ ሳህኖች አሲድ በተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ይነከራሉ። ኤሌክትሪክ ሲገባ በሳህኖቹ ላይ ያለው ነገር ይለወጣል፤ ሲወጣ ወደነበረበት ይመለሳል። ችግሩ ኃይሉን አሟጠው ሲጠቀሙበት ነው። ባትሪው ባዶውን ከከረመ በሳህኖቹ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር እየጠነከረ ይሄድና ኋላ ቢሞሉትም አይለቅም። ሰው ረሃብ ሲደጋገምበት አንጀቱ እንደሚጣበቀው ዓይነት ነው።

አሁን ደግሞ መለየት የሚገባን ሁለት ዓይነት ባትሪ አለ። የመኪና ባትሪ ሳህኖቹ ስስና ብዙ ናቸው። ሥራውም ሞተሪኖውን ለማዞር ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል መልቀቅ ነው፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ወዲያው ይሞላለታል። ሯጭ ነው፣ የመቶ ሜትር ሯጭ። የቤት መብራት የሚፈልገው ግን ሸክም ተሸክሞ ቀስ እያለ ሌሊቱን የሚዘልቅ ነው። ለዚህ የሚሆነው ባትሪ ሳህኖቹ ወፍራም ናቸው፤ ዋጋውም ወፍራም ነው። ሯጩን ሸክም ካሸከሙት ይሸከማል፤ ለጊዜው ምንም አይልም። ከመቶና ከመቶ ሃምሳ ሌሊት በኋላ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል።

ይኼንን ሁሉ ዛሬ እንደ መምህር ስተርክ ያኔ የማውቅ እንዳይመስላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2009፣ አዲስ አበባ ራሷ በፈረቃ መብራት በምትተዳደርበት በዚያ ዓመት፣ ለአክስቴ ሶላር ልገዛላት ወሰንኩ። አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ በኩራዝ የኖረች ሴት ናት። የኩራዝ ነገር ለማያውቀው ቅኔ ነው፤ ለሚያውቀው ግን የጠዋት አክታ ነው፣ ጥቁር። ላምባ ለመግዛትም ወደ ወረዳው ከተማ ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ አለ። አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ አንድ ባለ 40 ዋት ሶላር፣ ሦስት አምፖል፣ ባትሪውን ከመራቆት የምትጠብቅ ኮንትሮለር የምትባል ትንሽ ሣጥን፣ ብዙም ገመድ ሰጠኝ። የባትሪው ዋጋ ላይ ስንደርስ ፊቴን አይቶ መሰለኝ «የመኪናውም ይሠራል፣ በግማሽ ዋጋ» አለኝ። ሠራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ለነገሩ ብጠይቅስ? የሁለት ወር ደመወዜ ቀድሞ አልቋል።

የመጀመሪያው ምሽት አይረሳኝም። አክስቴ አምፖሉ ሲበራ እልል አላለችም። ዝም ብላ ግድግዳውን ስታይ ቆየችና «ይኼ ሁሉ ጥላሸት እኛ ቤት ነው ወይ የነበረው?» አለች። በማግስቱ ጠዋት ግድግዳውን በነጭ አፈር ስትለቀልቅ ዋለች። ኩራዟን ለጎረቤት ሰጠቻት። የልጅ ልጇ፣ ያኔ የ15 ዓመት ልጅ፣ ማታ ማታ የጎረቤት ልጆች ሰብስቦ ያጠና ጀመር።

አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቆይቼ ስመለስ ቤቱ ጨለማ ነው። ሶላሩ ጣሪያው ላይ እንዳለ ነው፤ ቀን ቀን ስልክ ይሞላል። ማታ ግን ወዲያው ይጠፋል። ሳገላብጥ ኮንትሮለሯን አልፎ በቀጥታ ከባትሪው ጋር የተቋጠረ ገመድ አገኘሁ። ልጁ ተውሶ ያመጣትን ትንሽ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ሊያይ ነው። በቃ፣ ወንጀለኛው ተገኘ! ጎረቤት በተሰበሰበበት «አበላሸኸው! ይኼ ሕዝብ እኮ ምን ቢሰጡት አይዝም!» ብዬ ጮኽኩበት። አዎ፣ «ይኼ ሕዝብ» ነው ያልኩት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ እኔ ስመጣ ቤት አይገኝም፤ ወይ እንጨት ሄዷል፣ ወይ ገበያ ሄዷል።

የቤት ሶላርን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት እውነቱን ለመናገር ጥፋተኛ አለመሆኔን ላረጋግጥ ነው። ያገኘሁት ግን ሌላ ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ ሶላር ቤት የገባው በመንግሥት ዕቅድ አይደለም። በ1984 ሃሮልድ በሪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ ማርክ ሃንኪንስ ከተባለ ወጣት አስተማሪ ጋር ሆኖ፣ በሜሩ አካባቢ ካራሙጊ በተባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሶላር ተከለ። አስተማሪዎቹ አዩት፤ ወላጆችም አዩት፤ «ለኔም ቤት» ማለት ጀመሩ። የቡናና የሻይ ገንዘብ ያላቸው ገበሬዎች በየሱቁ እየገዙ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሶላር ያለው የኬንያ ገጠር ቤት ከመቶ ሺህ በላይ ሆነ። አጥኚዎች ገብተው ሲመረምሩ ግን ሰዎቹ ሶላር የሚገዙት ልጆቻቸው እንዲያጠኑ ብቻ አልነበረም። ቴሌቪዥን ነው። በየቤቱ የመኪና ባትሪ ነው፤ ብዙው ቤት ኮንትሮለር የሚባል ነገር የለውም። ከሶላሩ በፊት ባትሪውን ከተማ ወስደው እያስሞሉ ቴሌቪዥን የሚያዩ ቤቶች ነበሩ፤ ሶላሩ የመጣው ሸክሙን ሊያቀልላቸው ነው። ባትሪ ሠሪዎቹም ይኼን አይተው የመኪናውን ባትሪ ሳህኖች ወፈር አድርገው «የሶላር» እያሉ ይሸጡ ጀመር።

ይኼን ሳነብ የአክስቴ የልጅ ልጅ ትዝ አለኝ። አጥፊ ያልኩት ልጅ በጎረቤት አገር ገበያውን ያቆሙት ሰዎች ያደረጉትን ነው ያደረገው። ገመዱም ቢሆን የባትሪውን ሞት አፈጠነው እንጂ አላመጣውም። ሞቱ የመጣው ከኔ ጋር ነው፤ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ።

የኬንያን ታሪክ ሳወራ ጥቁር ጎኑንም አልዘለውም። የሞተ የእርሳስ ባትሪ አይጣልም፤ እርሳሱ ገንዘብ ነው፤ ይቀለጣል። ሞምባሳ ውስጥ ኦዊኖ ኡሁሩ በተባለ የድሆች ሠፈር አጠገብ የቆመ አንድ ማቅለጫ በ2014 እስኪዘጋ ድረስ ጢሱና ፍሳሹ ሠፈሩን መረዘ። ልጆች ታመሙ፣ እናቶች ፍርድ ቤት ቆሙ። ንጹሕ ስለሚባል ኃይል ስናወራ ይኼም ከሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

ወደኛ ስንመጣ ታሪካችን ሰው ከሚገምተው በላይ ይረዝማል። በ1985፣ አገሩ በድርቅ ሲለበለብ፣ ሚቶ በምትባል መንደር ወደ 10 ኪሎ ዋት የሚሆን የወል ሶላር ቆሞ ለ300 ያህል ቤቶች መብራት ሰጥቶ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላም የውሃ መሳቢያና የእህል ወፍጮ እንዲያንቀሳቅስ ተብሎ ወደ 30 ኪሎ ዋት ከፍ ተደረገ። የካራሙጊ ወላጆች በየግላቸው ሱቅ ሲገቡ እኛ በማኅበር ጀመርን ማለት ነው። ዘመኑም የማኅበር ዘመን አልነበር? ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በአገራችን ብዙውን ሶላር ይዞ የኖረው ቴሌኮሙኒኬሽን ነው። ተራራ ላይ ቆሞ ስልክ ያስተላልፋል፤ ከሥሩ ያለው ጎጆ በኩራዝ ያመሻል።

በ2000ዎቹ አጋማሽ ግን ከአክስቴ ቀበሌ ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ ሬማ በምትባል የሰሜን ሸዋ መንደር፣ አንድ ለየት ያለ ነገር ተሠራ። ሃራልድ ሹትሳይክል የተባለ ጀርመናዊ ያቋቋመው የፀሐይ ኃይል ድርጅት በሬማና በአካባቢዋ ወደ ሁለት ሺህ ለሚሆኑ ቤቶች ትንንሽ ሶላር አስገባ። ሶላር መትከል ብቻውን ብርቅ አይደለም። ብርቁ እዚያው ሬማ የሶላር ባለሙያዎች ትምህርት ቤት መከፈቱና እያንዳንዱ ቤት በየወሩ ትንሽ ገንዘብ እየከፈለ ባለሙያ እንዲጠግንለት መደረጉ ነው። ባትሪ እንደሚሞት ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር፤ ለሞቱም አስቀድመው ዕድር አበጁለት። ድርጅቱ በ2009 አሽደን የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። እኔ የመኪና ባትሪ ተሸክሜ በአውቶቡስ ያለፍኩት በዚያው ዓመት ነው። አለመጠየቅ እንዲህ ያደርጋል።

እስቲ አሁን ደግሞ ሀብታሞቹ ቤት እንግባ። ጀርመን በ1990 «የአንድ ሺህ ጣሪያ» የሚል ፕሮግራም ጀመረች፤ በ2000 ባወጣችው ሕግም ጣሪያው ላይ ኤሌክትሪክ ያመነጨ ሰው ወደ መስመሩ ለለቀቀው ለሃያ ዓመት እንዲከፈለው ደነገገች። ከዚያ በኋላ የጣሪያው ብዛት ለቁጥር አስቸገረ። ሶላር በዓለም ዙሪያ የረከሰው፣ ኋላም ቻይና በገፍ ያመረተችው፣ በዚህ ገበያ መነሾ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በእነዚህ ሁሉ ቤቶች ውስጥ ባትሪ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ለምን ይኖራል? ቀን የተረፈውን ወደ መስመሩ ይለቅቃሉ፣ ማታ ከመስመሩ ይወስዳሉ። የአገሩ መስመር በሙሉ ባትሪያቸው ነበር።

ድሃው ገበሬ ግን ከመጀመሪያዋ ምሽት ጀምሮ ሌሊቱን በገዛ ኪሱ ነው የገዛው። መስመር የለውምና ባትሪ ግዴታው ነው። በአክስቴ ቤት ሒሳብ ሶላሩ ሃያ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ነው፤ ባትሪው ግን በየሁለት በየሦስት ዓመቱ እንደገና የሚገዛ ነው። ብዙ ዘመን ሲያወሩን የኖሩት ስለ ርካሹ ስለ ፀሐይ ነው። ፀሐይዋማ መቼ ተወደደችብን? የተወደደው ማታው ነው።

ሀብታሞቹ ወደ ባትሪ የመጡት በጣም ዘግይተው ነው። ጀርመን ባትሪ ለሚያስገባ ቤት ድጎማ የጀመረችው በ2013 ሲሆን፣ ቴስላ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ባትሪውን በከፍተኛ ድግስ ለዓለም ያስተዋወቀው በ2015 ነው። በዚያ ሰሞን ጋዜጦቹ «ኤሌክትሪክ በቤት ማኖር ተጀመረ» ብለው ሲጽፉ የሜሩ ገበሬዎች ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ያውም አሲዱን እያዩ፣ ውሃውን እየሞሉ። ደቡብ አፍሪካም በ2023 መብራት በቀን ለብዙ ሰዓት ሲጠፋባት የቻለ ሁሉ ጣሪያውን በሶላር፣ ጋራዡን በባትሪ ሞላ፤ ያልቻለው ሻማ ገዛ።

እነዚህ አዲሶቹ ባትሪዎች የፕላንቴ ልጆች አይደሉም፤ ሊቲየም ናቸው። በ1991 ሶኒ ለገበያ ያወጣው የሊቲየም ባትሪ መጀመሪያ ለካሜራና ለስልክ ነበር። ከሥራው አባቶች አንዱ ጆን ጉዲናፍ ኖቤል ሲሸለሙ (2019) የ97 ዓመት አዛውንት ነበሩ፤ ጡረታ የወጣን ሰዎች ይኼን ስንሰማ ትንሽ ያሳፍረናል። ለቤት የሚሻለው ብረትና ፎስፌት ያለበት ዓይነት የተወለደውም በ1990ዎቹ አጋማሽ በእኚሁ ሰው ቤተ ሙከራ ነው። የእርሳሱ ባትሪ አሟጠው ቢጠቀሙበት ጥቂት መቶ ሌሊት ነው የሚቆየው፤ ይኼኛው በሺህ የሚቆጠር ያድራል። ዋጋውም ከ2010 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ከ85 በመቶ በላይ ወረደ። በሌላ በኩል ሰማያዊውን ኤልኢዲ የፈለሰፉት ሦስት ጃፓናውያን (ኖቤል፣ 2014) የአምፖሉን ሆድ አጠበቡት፤ ድሮ 60 ሻማ አምፖል ይሰጠን የነበረውን ብርሃን ዛሬ ስምንት ዋት ይሰጠዋል። ትንሽ የሚበላ መብራትና ብዙ የሚያድር ባትሪ ሲጋቡ ነው እንግዲህ በመዳፍ የምትያዝ፣ ቀን ጣሪያ ላይ ተሰጥታ ማታ ቤት የምትገባ ፋኖስ የመጣችልን።

ክፍያውም ተለወጠ። ኬንያ ውስጥ ኤም ኮፓ የተባለው ኩባንያ በ2012 በስልክ ገንዘብ፣ በየቀኑ ጥቂት ሽልንግ እያስከፈለ ሶላር መሸጥ ጀመረ። ያልከፈለ ሰው መብራቱ ከሩቅ ይቆለፍበታል። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ የገበሬው ገንዘብ በመከር እንጂ በወር እንደማይመጣ የገባው ሰው የሠራው ነው። ግን ደግሞ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ ፀሐይዋም ወጥታ ገብታ፣ በዕዳ ምክንያት ጨለማ የሚቀመጥ ቤት ሳስብ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። በኩራዝ ዘመን ላምባ ሲያልቅ ከጎረቤት ይለመን ነበር። ቁልፍ ኮድ ከማን ይለመናል?

በእኛ አገር መንግሥት በ2019 ባወጣው ዕቅድ እስከ 2025 ሁሉም ቤት መብራት እንዲያገኝ፣ ከዚህም 35 በመቶው ከመስመር ውጪ፣ ማለትም በአብዛኛው በሶላር፣ እንዲሆን አስቦ ነበር። በመስከረም 2025 ታላቁ የሕዳሴ ግድባችን 5,150 ሜጋ ዋት ይዞ ተመረቀ፤ እኔም እንደማንኛውም ቦንድ እንደገዛ ሰው ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ከሕዝባችን ግማሽ ገደማው ዛሬም ምሰሶ ያልደረሰለት ነው። ምሰሶው እስኪደርስ ያለው ጊዜ ለአገር ዕቅድ አጭር ነው፤ ለአንዲት ለዓይኗ ለደከመ ሴት ግን ረጅም ነው።

በ2017 ዓ.ም. ለፋሲካ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ከሩቅ ሳየው ቤቱ በርቷል። የልጅ ልጇ፣ ያ የተቆጣሁት ልጅ፣ ዛሬ ወረዳው ከተማ ላይ ስልክና ሶላር የሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችው። የጫማ ሣጥን የምታክል የሊቲየም ባትሪ አምጥቶ ከዚያው ከኔው ሶላር ጋር አገናኝቶላታል። የኔ ሶላር አሁንም እየሠራ ነው። የኔን ባትሪም አየሁት፤ ነፋስ እንዳይመታው በሩን ደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። አክስቴ «ያን ድንጋይ ገፋ አድርገውና ግባ» አለችኝ።

እራት ከተበላ በኋላ እንደምንም ጉሮሮዬን ጠራርጌ «ያኔ የተቆጣሁህ...» ብዬ ጀመርኩ። ባትሪው የመኪና እንደነበር፣ ሯጭና ተሸካሚ እንደሚለያዩ፣ ስለ ኬንያ ገበሬዎች ሳይቀር እንደ ድሮው ክፍል ውስጥ እንደቆምኩ ሆኜ አስረዳሁት። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማኝ።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለኝ። «ያኔም አውቄ ነበር። ሲደክምብን ጊዜ በአህያ ጭነን ከተማ ልናስሞላው ስንወስደው ጋራዥ ያለው ሰውዬ ገና እንዳየው 'ይኼኮ የአይሱዙ ነው፣ ለቤት ማን ሰጣችሁ?' አለን።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ስጮኽብህ ለምን ዝም አልክ?»

ወደ አያቱ አየ። አክስቴ ረከቦቷ ላይ አቀርቅራ ስኒ ታለቃልቃለች። ቀና ሳትል «እኔ ነኝ እንዳትነግረው ያልኩት» አለች። «ከአዲስ አበባ ድረስ ተሸክሞ ያመጣውን፣ ሰው ፊት ምን ብዬ አሳፍረዋለሁ?»

«ባትሪውንስ ለምን አልሸጣችሁትም?» አልኩ፤ የምለው ጠፍቶኝ።

«እርሳሱን እዚሁ ወንዝ ዳር ነው የሚያቀልጡት» አለ ልጁ። «ልጆች ይዋኙበታል። ለማን እንደሚሰጥ እስካገኝ እዚያው ይቀመጥ ብዬ ነው።»

አክስቴ የመጀመሪያውን ስኒ ለኔ አቀበለችኝ።